ስለ ኮምጣጣ ቢራ አጠማመቅና ስለ ገበያው

ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ቢራ ኮመጠጠ ማለት ቢራ ተበላሸ ማለት ሆኖ ቆይቷል። በታላላቆቹ የቢራ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ኬሚስቶች ከሥራቸው ዋነኛው ክፍል፣ ኮምጣጣነትን የሚያመጡትን ረቂቅ ተሕዋስያን ከቧንቧ፣ ከጋንና ከጠርሙስ ማራቅ ነው። ዛሬ ግን በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ ሆን ተብሎ የተኮመጠጠ ቢራ ከተራው ቢራ ብዙ እጥፍ በሚበልጥ ዋጋ ይሸጣል፤ በአንዳንድ ስፍራም ገዢው በሰልፍ ቆሞ ይጠብቀዋል። ነጋዴዎቻችንና የመጠጥ ኢንዱስትሪ ባለሀብቶች የነገሩን ምክንያት ይረዱት ዘንድ፣ አሠራሩንም ሒሳቡንም ከዚህ ቀጥሎ እናስረዳለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የኮምጣጣ ቢራዎች ሁሉ አለቃ ሊባል የሚገባው በቤልጅግ አገር ላምቢክ ተብሎ የሚታወቀው ነው። የሚጠመቀውም በብራስልስ ከተማና ከከተማይቱ በስተ ደቡብ ምዕራብ በሰን ወንዝ ሸለቆ አካባቢ ባሉት መንደሮች ነው። እህሉ የገብስ ብቅልና ብቅል ያልሆነ ጥሬ ስንዴ ሲሆን፣ ስንዴው ከጠቅላላው ከ30 በመቶ አያንስም። ጠማቂው የእህሉ ስታርች በሙሉ ወደ ስኳር እንዳይለወጥ ሆን ብሎ ይጠነቀቃል፤ ምክንያቱም ተራው እርሾ ሊበላው የማይችለው ይህ ቅሪት፣ ኋላ ለሚመጡት ተሕዋስያን የዓመታት ስንቅ ስለሚሆን ነው። በቢራ ውስጥ እንደኛ ጌሾ ሆኖ የሚያገለግለው ሆፕ የተባለው አበባም ትኩሱ አይፈለግም። ዓመት ሁለት ዓመት ከዚያም በላይ ተቀምጦ ምሬቱ የጠፋው፣ ነገር ግን ከመበላሸት የመጠበቅ ኃይሉ ያልጠፋው አሮጌው ይመረጣል። ሌላው ጠማቂ ጊዜው አለፈ ብሎ የሚጥለውን ዕቃ የላምቢክ ጠማቂ ፈልጎ የሚገዛው መሆኑ፣ ለነጋዴ ሰው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው።

የብቅሉ ጭማቂ ለብዙ ሰዓታት ከተቀቀለ በኋላ፣ ከጣራው ሥር ወደተዘረጋ፣ እንደ ትሪ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ወደሆነ ገንዳ ይገለበጣል። የጣራው መስኮቶች ይከፈታሉ፤ ጭማቂውም ሌሊቱን ሙሉ በነፋስ ሲቀዘቅዝ ያድራል። ጠማቂው እርሾ አይጨምርም። የሚያብላሉት ተሕዋስያን ከአየሩና ከቤቱ፣ በማግስቱም ከሚገባበት የኦክ እንጨት በርሜል የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ የላምቢክ ጠማቂዎች የድሮ በርሜላቸውን እንደ ውርስ ይጠብቁታል፤ ጣራቸውን ለማደስ እንኳ የሚያመነቱ አሉ።

ይህ ሥራ የሚሠራው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባሉት ቀዝቃዛ ወራት ብቻ ነው። ሌሊቱ ሞቅ ያለ እንደሆነ ጭማቂው ሳይቀዘቅዝ ይቆይና የማይፈለጉት ባክቴሪያዎች ይበረቱበታል። በብራስልስ ከተማ አንደርሌክት በተባለው ሰፈር የሚገኘውና በ1900 የተቋቋመው የካንቲዮን ጠመቃ ቤት፣ በ2015 የኅዳር ወር አየሩ ስለሞቀበት ጠመቃውን ለማቋረጥ ተገድዷል። የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለው ነገር የእርሻ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ ይህን ቤት ማየት ይበቃዋል።

በበርሜሉ ውስጥ የሚሆነው ነገር በተራ የሚፈጸም ነው። በመጀመሪያው ወር ገደማ ከአየር የገቡት የአንጀት ባክቴሪያ ዘመዶች ይሠራሉ፤ በዚህ ጊዜ መጠጡ ሽታው የከፋ ስለሆነ የሚቀምሰው የለም፣ መቅመስም አይገባም። ቀጥሎ ሳካሮማይሲስ የተባለው፣ በዳቦና በተራ ቢራ የምናውቀው የእርሾ ወገን ይነሣና ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። አልኮሉና አሲዱ ሲጨምሩ የፊተኞቹ ይጠፋሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ፔዲዮኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ላክቲክ አሲድ ማምረት ይጀምራል፤ ይህም እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ቢራው አንዳንድ ጊዜ እንደ ዘይት ይወፍራል፣ ሲቀዳም ይጎተታል። ጠማቂዎቹም ቢራው ታሟል ይላሉ። መድኃኒቱ መጠበቅ ብቻ ነው፤ በመጨረሻ የሚመጣው ብሬታኖማይሲስ የተባለው እርሾ ውፍረቱን ቀስ በቀስ በልቶ ያጠራዋልና። ይህን እርሾ በ1904 ለዓለም ያሳወቀው ሒየልተ ክላውሰን የተባለው የኮፐንሀገኑ የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ሊቅ ነው። ያገኘውም በበርሜል ከቆየ የእንግሊዝ ቢራ ስለሆነ፣ የስሙ ፍቺ የእንግሊዝ ፈንገስ ማለት ሆነ። ሽታው የቆዳ፣ የድርቆሽና የፈረስ ጋጣ ይመስላል እየተባለ ይነገራል፤ ሲነገር የሚያስጠላ ቢመስልም፣ በልኩ ሲሆን ለላምቢክ ክብሩ ይኸው ነው።

በርሜሉ ተደፍኖ መኖር አለበት። አየር በብዛት ከገባበት ሌሎች ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ ሆምጣጤ ይለውጡታልና። በኮምጣጣ ቢራና በሆምጣጤ መካከል ያለው ድንበር እንግዲህ አየር ነው፤ ይህን ነጥብ ስለ ጠላ በምንናገርበት ጊዜ እንመለስበታለን።

ላምቢክ እንዳለ የሚጠጣ ቢሆንም፣ ታላቁ ንግድ ያለው ጌውዝ በተባለው ድብልቅ ነው። የአንድ ዓመት፣ የሁለት ዓመትና የሦስት ዓመት ላምቢክ ይቀላቀላል። ወጣቱ ገና ያልተበላ ስኳር ያመጣል፤ አሮጌው ጣዕሙንና እርጋታውን ያመጣል። ድብልቁ በወፍራም የሻምፓኝ ጠርሙስ ተሞልቶ በቡሽ ይታሸግና ለወራት ተጋድሞ ሁለተኛ ይብላላል፤ አረፋውም የሚመጣው ከዚህ ነው። ቼሪ የተባለውን ቀይ ፍሬ በላምቢክ ውስጥ ዘፍዝፈው የሚያዘጋጁት ደግሞ ክሪክ ይባላል።

ቀላቃይነት በዚያ አገር ራሱን የቻለ የንግድ ሙያ ነው። ቀላቃዩ የራሱ ጠመቃ ቤት ላይኖረው ይችላል፤ ከልዩ ልዩ ጠማቂዎች ያልተብላላውን ጭማቂ ገዝቶ በራሱ በርሜል ያሳድጋል፣ ቀምሶም ይቀላቅላል። በ2009 የተቋቋመው የቲልካን ቤት ሥራ የጀመረው በዚህ መንገድ ነው፤ የመጀመሪያውን ጌውዝ ለገበያ ያቀረበው ግን በ2011 ነው። የሙያው ዋና መሣሪያ ምላስና ትዕግሥት ሲሆን፣ ከዚህ ቀጥሎ እንደምናሳየው ትዕግሥቱ ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል።

ለምሳሌ አንድ ሰው በየዓመቱ 100 በርሜል ይሞላል እንበል። የሦስት ዓመቱን ላምቢክ ከወጣቶቹ ጋር ለመቀላቀል እስኪደርስ ድረስ፣ በመጋዘኑ ውስጥ 300 በርሜል ሞልቶ መቀመጥ አለበት። በዚህ ጊዜ ሁሉ የቤት ኪራይ፣ ደመወዝና የእህል ዋጋ ይከፈላል፤ ሽያጭ ግን የለም። ገንዘቡ በ15 በመቶ ወለድ የተበደረው ቢሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት የወጣው 100 ብር በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ 152 ብር ዕዳ ይሆናል። ከበርሜሉ በየዓመቱ የሚተነውም አለ፤ ቀላቃዩ ቀምሶ የሚደፋውም በርሜል አለ። ተራ ቢራ ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከጋን ወጥቶ ይሸጣል። የጌውዝን ዋጋ የሚያይ ገዢ ውድ ነው ብሎ ከማማረሩ በፊት ይህን ሒሳብ ቢያደርግ መልካም ነው።

አደጋም አለበት። በ2009 የግንቦት ወር፣ በቤርሰል መንደር የሚገኘው የድሪ ፎንታይነን ቤት የመጋዘን ሙቀት መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ቤቱ እንደ ምድጃ ሞቀ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጠርሙሶችም ፈነዱ ወይም ተበላሹ። የበርካታ ዓመት ሥራ በጥቂት ቀን ውስጥ ጠፋ ማለት ነው። ባለቤቱ የተበላሸውን ቢራ አስነጥሮ አረቄ በማድረግ ሸጦታል፤ ወዳጆቹም መልሶ እንዲቋቋም ረድተውታል። በእኛ አስተያየት እንዲህ ላለው ሥራ የዕቃ መድን መግባት ከበርሜል መግዛት እኩል የሚታሰብ ነው።

ይህ መጠጥ ሁልጊዜ እንደዚህ አልተከበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሕዝቡ ጣፋጭ ለስላሳ መጠጥና ቀላል ቢጫ ቢራ ስለወደደ፣ የላምቢክ ጠማቂዎችና ቀላቃዮች አንድ በአንድ ተዘጉ። የቀሩትም ብዙዎቹ ስኳር እየጨመሩ፣ አሮጌውን ስም ለአዲስ ጣፋጭ መጠጥ ሰጡት። ነገሩን ያዳኑት ጥቂት ግትር ሰዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፍራንክ ቦን የተባለው ሰው በ1970ዎቹ በሌምቤክ ከተማ አንድ ሊዘጋ የተቃረበ ቀላቃይ ቤት ገዝቶ ሥራውን አስቀጠለ። ካንቲዮን ደግሞ በ1978 ጠመቃ ቤቱን ለጎብኚ ክፍት የሆነ ሙዚየም አድርጎ፣ ከመግቢያ ዋጋና ከቅምሻ ገቢ ማግኘት ጀመረ። ከዚያ በ1997 ጠማቂዎቹና ቀላቃዮቹ ሆራል የተባለ ማኅበር አቋቋሙ፤ በዚያው ዓመትም የአውሮፓ ኅብረት የላምቢክንና የጌውዝን ባህላዊ አሠራር በመዝገብ አጸና። በ2016 ዩኔስኮ የቤልጅግን የቢራ ባህል በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ አስፍሮታል።

በዚሁ አገር በምዕራብ ፍላንደርስ የሚጠመቀው ቀይ ኮምጣጣ ቢራ መንገዱ ይለያል። በሩሰላረ ከተማ ያለውና በ1821 የተመሠረተው የሮደንባህ ፋብሪካ፣ ከቤት ጣራ በሚደርሱ የኦክ ጋኖች ውስጥ ቢራውን ሁለት ዓመት ያህል ካቆየ በኋላ ከወጣቱ ጋር ይቀላቅለዋል። በተራው ዓይነት ውስጥ አሮጌው አንድ አራተኛ፣ በከፍተኛው ዓይነት ውስጥ ግን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። እንግዲህ አንድን ጋን አሮጌ ቢራ በልዩ ልዩ መጠን እያቀጠነ፣ ለልዩ ልዩ ኪስ የሚስማማ ሸቀጥ ያወጣበታል ማለት ነው። አንባቢዎቻችንን የሚያስደንቀው ደግሞ፣ በ2016 ሮደንባህን ከእነ ባለቤቱ ኩባንያ ከፓልም ጋር የያዘው የሆላንዱ የባቫሪያ ኩባንያ፣ ቀደም ብሎ በደብረ ብርሃን ሐበሻ ቢራ ላይ አክሲዮን የገዛው ያው ኩባንያ መሆኑ ነው። ሐበሻ ቢራ ለገበያ የወጣው በ2015 ነው።

በጀርመን አገር ሁለት ኮምጣጣ ቢራዎች አሉ። የበርሊኑ ነጭ ቢራ አልኮሉ ትንሽ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በቀይ ወይም በአረንጓዴ ሽሮፕ ይቀርባል። የላይፕሲኩ ጎዘ ጨውና ድንብላል ይገባበታል። ጎዘ በ1966 ጨርሶ ጠፍቶ ነበር፤ በ1986 አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት አስነሣው። ዛሬ በአሜሪካ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው ጎዘ ከዚያ የመጣ ነው።

የአሜሪካን ነገር ስናነሣ ሁለት ወገን ጠማቂ መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ወገን የቤልጅግን መንገድ የተከተለ ነው። በኮሎራዶ ክፍለ ሀገር የኒው ቤልጂየም ፋብሪካ ከሮደንባህ የመጣውን ፒተር ቡካርትን በ1996 ቀጥሮ፣ በኦክ ጋን የሚያድግ ኮምጣጣ ቢራ አወጣ። በሜይን ክፍለ ሀገር ያለው የአላጋሽ ፋብሪካም በ2007 የላምቢክን የመሰለ የማቀዝቀዣ ገንዳ ሠራ። ሁለተኛው ወገን ግን ጊዜውን ያሳጠረ ነው። ያልተብላላውን የብቅል ጭማቂ ወደ 40 ዲግሪ ሙቀት አድርሶ ላክቶባሲለስ የተባለውን ባክቴሪያ ይጨምርበታል፤ አየር እንዳይነካውም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሸፍነዋል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይኮመጥጣል። ከዚያ ይቀቀላል፤ ባክቴሪያው ይሞታል፤ ተራ እርሾ ተጨምሮበት እንደ ማናቸውም ቢራ በጥቂት ሳምንት ያልቃል። ሆፕ የሚጨመረው ከኮመጠጠ በኋላ ነው፤ ላክቶባሲለስ ሆፕን አይችልምና።

የዚህ የፈጣኑ መንገድ ታላቅ ጥቅም ፋብሪካውን አለመበከሉ ነው። ብሬታኖማይሲስና ፔዲዮኮከስ አንድ ጊዜ በላስቲክና በቧንቧ ስንጥቅ ውስጥ ከገቡ፣ ተራውን ቢራ ሁሉ ያበላሻሉ፤ ስለዚህ የቆየ ኮምጣጣ ቢራ የሚሠራ ቤት ቱቦውን፣ ፓምፑንና ማሸጊያውን ለብቻ መግዛት አለበት። ቅጽበታዊው ኮምጣጣ ቢራ ይህ ወጪ የለበትም። ጣዕሙ ግን ቀጥተኛ ነው፤ ይኮመጥጣል፣ ያረካል፣ ከዚያ በላይ የሚናገረው ነገር የለውም። ፍራፍሬ የሚጨመርበትም በዚህ ምክንያት ይመስለናል። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ በተለያየ ዋጋ መሸጥ ገዢውን ያደናግራል፤ የቤልጅግ ሰዎች በስማቸው ላይ ጥብቅ የሆኑትም ስለዚህ ነው።

በስም ረገድ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት መዝገብ የሚጠብቀው አሠራሩን እንጂ ቦታውን አይደለም። ስለሆነም ሆራል ከሕግ ይልቅ በውይይትና በወዳጅነት ሲሠራ ይታያል። በቴክሳስ ያለው ጄስተር ኪንግ የተባለ ጠመቃ ቤት የጌውዝን ስም በአሠራር ምልክትነት ለመጠቀም በ2016 አስቦ ነበር፤ ከቤልጅጎቹ ጋር ተነጋግሮ ግን ምልክቱን ለውጦታል። እኛም በዚህ ነገር ልምድ አለን። በ2005 መንግሥታችን የይርጋ ጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን ቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ጠይቆ፣ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ደርሷል። ስም የሌለው ዕቃ በመጠኑ ይሸጣል፤ ስም ያለው በስሙ ይሸጣል።

ከዚህ ወደ ጠላ እንመጣለን። ጠላ ኮምጣጣ ቢራ ነው። ብቅልና ጌሾ ተጠንስሶ፣ ቂጣና እንኩሮ ገብቶበት ድፍድፍ ሲሆን፣ የሚያብላላው የተገዛ እርሾ ሳይሆን ከእህሉ፣ ከጌሾውና በወይራ ከታጠነው ጋን የሚመጣው ነው። የሚያኮመጥጠውም የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ወገን ነው። አልኮሉም እንደ አጠማመቁ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ ይሆናል። እንጀራና እርጎ ለለመደ ምላስ ኮምጣጣ ጣዕም ስሕተት አለመሆኑ የታወቀ ነው፤ የአውሮፓ ነጋዴ በብዙ ወጪ ለደንበኛው የሚያስተምረውን ጣዕም የእኛ ሕዝብ ከልጅነቱ ያውቀዋል።

እንግዲህ አንዱ በጣሳ፣ ሌላው በሻምፓኝ ጠርሙስ የሚሸጠው ለምንድን ነው? መልሱ በአብዛኛው ከላይ የጠቀስነው አየር ነው። የጠላ ጋን በየቀኑ ይከፈታል፣ ይቀዳለታል፣ የጎደለውን ቦታ አየር ይሞላዋል፤ በጥቂት ቀናትም ወደ ሆምጣጤ ያዘነብላል። ጠላ ሻጯ እናት ይህን አሳምራ ስለምታውቅ ለሁለትና ለሦስት ቀን የሚበቃ ብቻ ትጠምቃለች። ጠላን እንዳለ በጠርሙስ ማሸግም አይሆንም፤ መብላላቱን ስላልጨረሰ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። እስኪጨርስ በተደፈነ በርሜል ቢቀመጥ፣ ልዩ ልዩ ዕድሜ ያለውም ተቀምሶ ቢቀላቀል፣ የሚወጣው መጠጥ የዕለቱን ጠላ አይመስልም። ይህን የሚሞክር ሰው ለሠርግና ለክርስትና ከሚጠመቀው ጠላ ጋር የሚወዳደር መስሎት እንዳይሳሳት፤ የሚወዳደረው በሆቴል ገበታ ላይ ከሚቀርበው ወይን ጋር ነው።

ለዚህ ሙከራ ከሁሉ የሚቀድመው ስፍራ በእኛ ግምት ደብረ ብርሃን ነው። ከተማይቱ ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስትሆን፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ በገንዳ የተገለበጠን ጭማቂ ለማቀዝቀዝ የሚበቃ ብርድ አለው። ገብሱም በዙሪያዋ ይበቅላል። ሥራው በላቦራቶሪ ክትትል መጀመር አለበት፤ በተለይ በመጀመሪያው ወር የአሲዱ መጠን እየተለካ፣ መጠጡ ፒ ኤች ተብሎ በሚጠራው መለኪያ ከ4.5 በታች መውረዱ ሳይረጋገጥ ለማንም ለቅምሻ መቅረብ አይገባውም።

ጌሾም ራሱን የቻለ ዕቃ ነው። በዋሽንግተንና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ባሉት የኢትዮጵያውያን ሱቆች፣ ለቤት ጠጅና ጠላ የሚሆን ደረቅ ጌሾ ይሸጣል። ጠማቂ ድርጅት ሊገዛው የሚችለው ግን ቅጠሉና እንጨቱ ተለይቶ፣ እርጥበቱ ተለክቶ፣ የተመረተበት ወረዳና ዓመት ተጽፎበት ሲቀርብ ነው።

በአገር ውስጥ አዲስ ቢራ ለማስተዋወቅ ያሰበ ሁሉ በ2019 የወጣውን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ማንበብ አለበት፤ አዋጁ የአልኮል መጠጥን ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ከልክሏል። ካንቲዮን ገበያውን ያገኘው በጉብኝትና በቅምሻ መሆኑን ከላይ ጠቅሰናል፤ ያም መንገድ ብዙ ማስታወቂያ የሚጠይቅ አይደለም።

በመጨረሻ ስለ ጠርሙስ። በአገራችን የቢራ ፋብሪካዎች የሚዘዋወረው ተመላሽ ጠርሙስ የተሠራው ለተራ ቢራ ግፊት ነው፤ ሁለተኛ የሚብላላ መጠጥ ሊሞላበት አይገባም። ወፍራሙን ጠርሙስ፣ ቡሹንና የሽቦ ማሰሪያውን ከውጭ ማስመጣት የግድ ይሆናል፤ የውጭ ምንዛሪው ጥያቄም በርሜሉ ከመሞላቱ በፊት መጠናቀቅ ይኖርበታል። ሦስት ዓመት ቆይቶ የደረሰ ቢራ ጠርሙስ እስኪገባለት ድረስ በበርሜል ሲጠብቅ፣ በየወሩ እየተነነና አየር እየገባበት ይሄዳልና።